ይታይሽ

ባሕር ዳር መብራት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተሩ እያጓራ፣
ከሌሊቱ አስር ሰዓት፣ ደረሰ የአንማው ተራ፤
የዚያች ሌሊት አሥራ አራተኛ ራስ።
ከምስሉ በፊት ግን ወረቀቱ ደረሰ፤
«ጠጥቶ የወደቀ፣ ሁለቴ ያስመለሰ።»
አመንኩት።
የቸኮለ ሰው ጽሕፈት እንዴት አድርጎ ያሳምናል!
ዐይን ገና ሳይገለጥ፣ ፍርዱ ቀድሞ ይወሰናል።

ስንሻው ከመስተዋቱ ጀርባ ቁልፉን ተጫነ፤
ራሱ በቀለበቱ አለፈ፤ በስስ በስሱ ተሸነሸነ።
በቀኝ፣ ከጆሮው በላይ፣ አጥንቱ ላይ ስንጥቅ አየሁ፤
ጣቴን ቀስሬ «ይኸው!» አልኩ፤ ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።
ያገኘ ዐይን ይጠግባል፤ የጠገበ ዐይን ይተኛል፤
አምባዛ ቀንቶት የሚስቅ ሰው፣ የመረቡን ቀዳዳ መቼ ይቃኛል?

በግራ፣ ምስል አሥራ ዘጠኝ ላይ፣
ከራስ ቅሉ ሥር የተጋደመች፣ ለጋ ጨረቃ መሳይ፣
ስስ ደም ነበረች፤
ነጭ ከነጭ ተጣብቃ፣ አጥንት ለብሳ ተደብቃ፤
የምስሉን መስኮት ባሰፋው፣ ትታይ ነበር ተላቅቃ።
አላሰፋሁም።
«ስንጥቅ አለ፤ ደም የለም» ብዬ ፈረምኩ፤
የቀዘቀዘ ሻዬን ጨለጥኩ፤
ቀጣዩን ራስ ጠራሁ።

በሦስተኛው ቀን መለሱት፤ በቃሬዛ፣ በሰው ሸክም፤
ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎት፣ ምላሱም ቃል አልሸከም።
ደንገል ጠምዝዞ፣ በጉልበቱ ተጭኖ፣ ታንኳ ለሚያስር ሰው፣
አሁን ሁሉም ነገር «ውሃ» ነው፤
እህቱም «ውሃ»፣ አልጋውም «ውሃ»።
አዲሱ ምስል ላይ ጨረቃዋ ሞልታ፣
የአንጎሉን መሐል መስመር እንደ ደራሽ ገፍታ።
የፊተኛውን ከጎኑ ከፈትኩት።
ነበረች።
እዚያው ነበረች፤ አሁንማ ሕፃን ልጅም ያያታል፤
ፍጻሜውን ካወቁ ወዲያ፣ ማን መነሻው ይጠፋዋል?

አንጎል ውሃ ላይ ያለ ታንኳ ነው፤ ከዚህ ሲገፉት እዚያ ማዶ ይላተማል፤
ምቱ በቀኝ ከሆነ፣ ግራውን ማየት ይገባል።
ተምሬው ነበር።
የተማሩት ግን በአስር ሰዓት ሌሊት የት ይገኛል?

ደሙ በቀዶ ጥገና ወጣ፤ ነፍሱ ተረፈች። እጁ ገና ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ስብሰባ አለን፤ ከመስኮቱ ማዶ ዘንባባ፤
ስህተታችንን ግድግዳ ላይ የምናወጣበት፣ ያለ ስም፣ ያለ ካባ።
«ማነው?» አይባልም እዚያ፤ «እንዴት?» ነው የሚባለው፤
እኔ ግን እጄን አወጣሁ፤ «የእኔ ነው» አልኩ፤ «ይኼኛው።»
ዶክተር ሙሉሰው፣ ፀጉሩ የሸበተው፣
«የባለፈው ሐሙስ የእኔ ነበር» አለና፣ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።
ወረቀቱን ወደ ኋላ ተከተልነው፣ እጅ በእጅ፤
«ጠጥቶ» ያለው ማን ነበር? ባጃጅ ነጂው? የጤና ጣቢያው የደጅ
ጠባቂ? አንዱ «መሰለኝ» ያለውን፣ ሌላው «ነው» ብሎ ገልብጦታል።
እህቱን የጠየቀ የለም።
ጠብታ አልቀመሰም፤
ወደቡ ላይ የሞተር ጀልባ ገመድ ጠልፎ ነው ከድንጋይ ያላተመው።

ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት፤ መረብ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣
ትልቁን ቀዳዳ ትታ፣
ቋጠሮ በቋጠሮ ትዳስሳለች፣ ከዳር ጀምራ፣ በጸጥታ።
«ያየሁት የትም አይሄድም» አለች፤ «ዓሣ የሚያስመልጠው ያላየሁት ነው።»
ነገርኳት። ሳልሸፍን፣ «ያላየሁት እኔ ነኝ» አልኳት።
ጣቷ ቆመ። ጣና ከማዶ ያበራል።
ረጅም ዝም አለች።
ስሟን ስጠይቃት፣ «ይታይሽ» አለች።

ከስክሪኔ ጠርዝ ብጣሽ ወረቀት ተለጥፏል፤
«መጀመሪያ ምስሉ፣ ወረቀቱ ኋላ። አንድ ሲገኝ፣ ፍለጋው እንደ አዲስ።
መስኮቱ ይስፋ። ለላኪው ይደወል።» ስንሻው በደማቁ ጽፏል።
ከሥሩ አንድ ስም ጨምሬያለሁ።
እንግዳ ሐኪም ያነብና «ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል፤
«የታንኳ ሠሪ እህት» እላለሁ።
ጄኔሬተሩ ተነሳ። ቀጣዩ ራስ ቀርቧል።